የኖርማ ሰባት በርሜሎች

ሌያርኮ ሞንቶርሲ የሞተው አሥራ አንድ እንግዶች ከጓሮው የወይን ዳስ ሥር ተቀምጠው ቅቅል ሲበሉ ነው። እኔና ሳጅን ባካራኒ ከሞዴና ስንደርስ ከቆጡ በሚወርደው የእንጨት ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተዘርግቶ አገኘነው። የኋላ ራሱ ከድንጋዩ ወለል ጋር ተጋጭቷል፤ ደሙ በድንጋዮቹ መሀል ገብቶ ረግቷል። ግራ እጁ ተከፍቷል፤ ቀኙ ግን ጥብቅ ብሎ እንደ ተጨበጠ ነው።

ሐኪሙ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቆ መዳፍ የምታህል የበፍታ ጨርቅ አወጣ። ጨርቋ ጥቁር ነገር ጠጥታለች። ጥጓ ላይ በቀይ ክር አንድ የላቲን ፊደል፣ N፣ ተጠልፎባታል።

«የስምዎ መጀመሪያ ነው እኮ፣ ኢንስፔክተር» አለ ባካራኒ አጎንብሶ እያየ። «ኒቬስ። ለምን እዚሁ አይናዘዙልንም? እኛም በጊዜ ቤታችን እንገባለን።»

«አፍህን ዝጋና እንግዶቹን ሰብስብ» አልኩት።

ጨርቋን አሸተትኳት። የእኛ አገር ጥቁር አቼቶ፣ ከወይን ጭማቂ የሚሠራው ጣፋጭ ኮምጣጤ፣ ያውም አሮጌው፤ አርባ ዓመት በእንጨት ውስጥ የተኛ። ሽታውን ሳላውቀው ብቀር ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አውቀዋለሁ።

«የወደቀው ሰባት ሰዓት አካባቢ ነው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «የሞተው ግን ያኔውኑ አይደለም። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቷል፤ ሦስት ሩብ ሰዓትም ይሆናል። ደሙ ቀስ እያለ ነው የፈሰሰው።»

«የደረሰለት ቢኖር?»

«ሆስፒታሉ ሩብ ሰዓት መንገድ ነው፣ ኒቬስ። የደረሰለት ቢኖር ኖሮ አሁን አልጋ ላይ ሆኖ ነርሶቹን ይሳደብ ነበር።»

ያገኘችው የእንግዶቹ አስጎብኚ ፊዮሬንሳ ቫንዴሊ ናት፤ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ። ከሰባት እስከ ስምንት ከሩብ ድረስ በዚያ ቤት አሥራ አራት ሰው ነበር፣ አንድ ሽማግሌ ደረጃ ሥር ወድቆ ሲሞት የሰማ ግን የለም። እንግዶቹ ይዘፍኑ ነበር።

*

በሥራዬ ብዙ ዓይነት ምስክር አይቻለሁ፤ እንደነዚህ ያለ ግን አላጋጠመኝም። ከየከተማው ተሰባስበው ለአራት ቀን ጉብኝት የመጡ ናቸው። ቅዳሜ የሞዴናን ካቴድራልና ግንቡን አይተዋል፣ እሑድ ጠዋት አይብ ሲሠራ ተመልክተዋል፣ ከዚያ አቼቶና ላምብሩስኮ የሚባለውን ወይን ሊቀምሱ ወደዚህ ኮረብታ ወጥተዋል። ሰዓት የሚያውቅ የለም። ሁሉም የሚያውቁት በየሰዓቱ አፋቸው ውስጥ ምን እንደ ነበረ ነው።

«ሌያርኮ ከማዕዱ የተነሣው መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ቶርቴሊኒው፣ ፓስታው እንዳለቀ» አለች አንዷ።

«የለም፣ ሲጨመርልን ነው» አለ ባሏ።

«ሲጨመርልህ በል። እኔ አልጨመርኩም።»

«ቅቅሉ ቀርቦ ነበር» አለ ሌላው። «ምላሱን እየበላሁ ነበር። ምላሱ ግሩም ነበር።»

«ሳልሳው ግን ዘግይቷል» አለች ሚስቱ።

ከመሀላቸው ሰዓት ያሰረ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ፤ ቱሊዮ ፓሮዲ የሚባል ከጄኖቫ የመጣ የባቡር ጡረተኛ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ባቡር ሲያስነሣ የኖረ ነውና መዘግየትን እንደ ግል ጠላቱ ነው የሚያየው።

«ቶርቴሊኒው በስድስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት» አለኝ። «ያመጡት ባለቤቲቱ ሴትዮ ናቸው። ባልየው በስድስት ከሃምሳ አምስት ተነሣ። ያ የሚላኖ ሰውዬ ከእሱ ቀድሞ ተነሥቷል። ቅቅሉ በሰባት ከአሥር መጣ። ያመጣችው አስጎብኚዋ ናት። የቆረጠችውም እሷው።»

«ቅቅሉን ቆረጠችው?»

«ቆረጠችው አይባልም። እንጨት የምትፈልጥ ነበር የምትመስለው።»

ጻፍኩት። ጻፍኩትና ምንም ሳላስብ ገጹን ገለጥኩ። እስካሁን የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ ነገሩ ያኔውኑ እጄ ላይ ነበር።

*

ቀድሞ ተነሣ የተባለው የሚላኖ ሰው ኦታቪዮ ግራንዲ ነው፤ የሁለት ምግብ ቤቶች ጌታ። ኮቱ ውድ ነው፤ ፊቱ ግን ልጅ አይስክሬሙን የጣለበት ዓይነት ፊት ሆኗል።

«ከሌያርኮ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል» አልኩት።

«ተከራከርን እንጂ አልተጣላንም። ደግሞ ተስማምተናል። ዛሬ ጠዋት ቆጡ ላይ እጅ ተጨባብጠናል። የኖርማን ሰባት በርሜሎች ሊሸጥልኝ።»

«ኖርማ ማን ናት?»

«ልጁ ናት አሉ። እኔ የማውቀው በርሜሎቿን ነው።»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር ሴት ልጅ ስትወለድ ሰባት በርሜል ይደረደርላታል፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ በስሟ። ከትንሹ በየዓመቱ በብርዱ ወራት ጥቂት ይቀዳል። ስትዳር ረድፉ አብሯት ይሄዳል። እኔም ሰባት ነበሩኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ ሸጦ ትራክተር ገዛባቸው። እናቴ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ዓመት ሙሉ ግን አቼቶ ከማዕድ ላይ አላስቀመጠችም። ከዚያ ወዲህ የማንንም ሰው ቆጥ ረግጬ አላውቅም ነበር።

«ከማዕዱ ለምን ተነሡ?» አልኩት ግራንዲን።

«ስልክ ላናግር። በለሱ ዛፍ ሥር ነበርኩ።»

ፓሮዲ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እውነቱን ነው፣ ሲኞራ ኢንስፔክተር። ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ከስድስት ከሃምሳ እስከ ሰባት ከሃያ። ሲጮህ ነበር። አራት በለስም በልቷል፣ ሳይጠይቅ።»

ግራንዲን እንዲህ አድርጌ ከእጄ አጣሁት። ባለ አራት በለስ ወንጀለኛ ብቻ ሆኖ ቀረ።

በዚህ መሀል ባካራኒ አንድ ሊትር ጠርሙስ በመሐረብ ይዞ መጣ። ጥቁር ነው፤ ስታዘነብለው እንደ ማር ወፍሮ ይንሸራተታል።

«የአስጎብኚዋ ቦርሳ ውስጥ ነበር» አለኝ። «ከሹራቧ ሥር። ሊትሩ እኮ የእኔን የወር ደመወዝ ያስንቃል፣ ኢንስፔክተር። ሴትዮዋ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።»

ከጠርሙሱ ጠብታ በማንኪያ ለግራንዲ ሰጠሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።

«ይሄ የኖርማ ነው» አለ። «ዛሬ ጠዋት ከትንሹ በርሜል የቀመስኩት። እናቴ ትሙት፣ ሌላ አይደለም።»

*

የሌያርኮ ባለቤት ሲኞራ ኢቮን ወጥ ቤት ሰሃን እያጠቡ ነበር። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ሰማያዊ ሽርጥ ያሰሩ፣ ፀጉራቸው በነጭ ሻሽ የተሸፈነ። ፊዮሬንሳ አጠገባቸው ቆማ የታጠበውን ታደርቃለች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ሴት ናት። በዚያ ቀን ከቤቱ ሰዎች ሁሉ ያለቀሰች እሷ ብቻ ናት።

«በሰባት ሰዓት የት ነበሩ፣ ሲኞራ?» አልኳቸው ለኢቮን።

«እዚሁ ከእኔ ጋር» አለች ፊዮሬንሳ። «ከወጥ ቤት አልወጡም።»

ኢቮን ሰሃኑን አገላበጡት። 

«ኖርማ የት ናት?»

«ትሪየስቴ» አሉ። «ከሄደች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። አባቷ ያልወደደውን ሰው ይዛ ሄደች። ከዚያ በኋላ ስሟ በዚህ ቤት አልተጠራም። ቅቅል ልስጥሽ፣ ልጄ? መረቁ አለ። ፊትሽ ነጥቷል።»

«አልራበኝም። ቆጡን ያሳዩኝ።»

ደረጃው ገደል ነው። ገና ጣሪያው ሥር እንደደረስክ ከእግርህ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ትንሹ በርሜል ተቀምጧል፤ ከእሱ ወዲያ ስድስቱ እየተለቁ ይሄዳሉ። የእያንዳንዱ አፍ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ጨርቁ ላይ የወንዝ ድንጋይ ተጭኗል። አሮጊቷ የትንሹን ድንጋይ አንሥተው ጨርቁን ገለጡና በባትሪ አበሩልኝ። አቼቶው ልኩ ድረስ ሞልቷል። ልኩን የሚያሳየው ጥቁር መስመር እንኳ አልታየም።

«ይኸው» አሉኝ። «ምንም የጎደለ የለም።»

«ዛሬ ጠዋት ለመቅመስ ተቀድቷል አይደል?»

«በማንኪያ። ማንኪያ ምን ያጎድላል? የሚቀዳበት ወርም አይደለም። የእኛ ቤት የሚቀዳው በየካቲት ነው።»

አሁን እዚህ ላይ ነው ውሉ የጠፋብኝ። አንድ ሊትር ከትንሹ ወጥቷል፤ ግራንዲ ይምላል፣ እኔም አሽትቼዋለሁ። አሥር ሊትር የማይሞላ በርሜል አንድ ሊትር ቢወሰድበት ዕውር ያውቀዋል። በርሜሉ ግን ሙሉ ነው። የሞተው ሰውዬ በእጁ የነዚህኑ በርሜሎች ጨርቅ ጨብጧል። ስርቆት አለ፣ የተሰረቀ የለም። ሌባ አለች፣ የጎደለ የለም።

*

ፊዮሬንሳን ለብቻዋ ወይን መጭመቂያው ክፍል ወሰድኳት።

«ጠርሙሱን ማን ሰጠሽ?»

«ገዛሁት።»

«ከማን?»

በእጇ የቀረውን የሰሃን ጨርቅ አጠፈች።

«ፊዮሬንሳ፣ ዐቃቤ ሕጉ ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል። ሰርቀሽ ስትወርጂ ያዘሽና ገፋሽው ነው የሚለው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሌላ ነገር ካልነገርኩት እንድትታሰሪ አዟል። እነዚያ አሥራ አንድ ሰዎች እያዩሽ። የአስጎብኚነት ፈቃድሽን ዳግመኛ አታይውም።»

«አውቃለሁ።»

«ሃያ ዓመት የሠራሽበት ነው።»

«ሃያ ሁለት» አለችኝ። አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ሌያርኮን አልነካሁትም። አቼቶም አልሰረቅኩም። ከዚህ በላይ የምናገረው የለኝም።»

«ኖርማን ታውቂያታለሽ?»

ፊቷ ተለዋወጠ። «አንድ ወንበር ላይ ነው የተማርነው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እየዋሸች እንደሆነ አውቃለሁ፤ እየዋሸች ያለችው ግን ለራሷ እንዳልሆነም ይታየኛል። ለማን ነው? አሮጊቷ ከወጥ ቤት አልወጡም ያለችው እሷው ናት። እሷ የምትሸፍነው ሰው ከሌለ ደግሞ ሌባዋ እሷ ናት፣ ያኔም በርሜሉ ለምን ሙሉ ሆነ? አንዱን ጫፍ ስጎትተው ሌላው ይተበተባል። ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረ ነገር ቢኖር በሩ ላይ የሚጠብቀኝ የባካራኒ የሆድ ጩኸት ብቻ ነበር። ከማለዳ ጀምሮ አልበላም።

«እኔ ወደ ቆጡ ልመለስ ነው» አልኩት። «አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እደውልልሃለሁ። ካልደወልኩ የታዘዝከውን አድርግ።»

«ምን ሊያዩ ነው? አዩት እኮ።»

«አላውቅም፣ ባካራኒ። ባውቅ አልሄድም ነበር።»

*

ቆጡ ላይ ለብቻዬ ቁጭ አልኩ። በመስኮቱ የሚገባው የጥቅምት ፀሐይ በርሜሎቹ ላይ ተኝቷል። ሽታው የእናቴ ሽርጥ ሽታ ነው። ተናደድኩ። በሰው ሞት መሀል ቁጭ ብዬ የራሴን ሰባት በርሜል ማሰብ ጀመርኩ። የትኛው ቤት ይሆኑ? በማን ስም ይጠሯቸው ይሆን?

ከዚያ ሳላስበው እጄ ትንሹን በርሜል በጣቱ መገጣጠሚያ አንኳኳ። እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ድምፁ ሲታፈን ሙሉ ነው፣ ሲያስተጋባ ጎድሏል። ሁለተኛውን አንኳኳሁ። ሙሉ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ እስከ ስድስተኛው ሙሉ። ትልቁ ጋ ስደርስ ድምፁ ትንሽ ከፈት አለብኝ።

ድንጋዩን አንሥቼ ጨርቁን ገለጥኩና አበራሁበት። አቼቶው ከአሮጌው መስመር ግማሽ ጣት ዝቅ ብሏል። ከመስመሩ በታች ያለው እንጨት ገና እርጥብ ነው።

ሁሉንም ገለጥኳቸው። የሰባቱም አፍ ዳር አዲስ ጠብታ አለበት። ስድስቱ ጨርቆች አሮጌ፣ የጠቆሩ፣ ጥጋቸው ላይ ቀይ ፊደል ያለባቸው ናቸው። የትንሹ ብቻ ነጭ ነው፣ ፊደል የለውም፤ ከተተኮሰ በኋላ የታጠፈበት መስመር እንኳ አልለቀቀም።

ያን ጊዜ የእናቴ ድምፅ መጣልኝ። «ከትንሹ ከቀዳሽ ከሁለተኛው ትሞዪዋለሽ። ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ ሦስተኛውን ከአራተኛው። ጎድሎ ክፍት የተተወ አየር ይገባበታል፣ የዓመታት ልፋት በአንድ ቀን ይሞታል።» ትልቁ ብቻ ነው አዲስ የተቀቀለ የወይን ጭማቂ የሚጠብቀው።

የሚላኖ ሌባ አይሞላም። አስጎብኚም አትሞላም፤ ጠርሙሷን ይዛ ትሮጣለች። ሰርቆ የሚሞላ ሌባ ዓለም ላይ የለም። እንዲህ የሚያደርግ እዚህ ቆጥ ላይ ያረጀ እጅ ብቻ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ አስቦ አይደለም የሚያደርገው።

ከዚያ ሁለተኛው ነገር ገባኝ። አሮጌው ጨርቅ የሌያርኮ ጭብጥ ውስጥ ነው። እሱ ጨርቁን ይዞ ሲወድቅ ትንሹ በርሜል ገና ክፍት ነበር ማለት ነው፤ ገና እየተቀዳ። የተሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ሰባት በርሜል፣ በመስታወት መቅጃ፣ ጠብታ እንዳይባክን በቀስታ፣ ሊትር በሊትር። እናቴ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅባት ነበር። ሐኪሙ ሦስት ሩብ ሰዓት በሕይወት ቆይቷል ብሏል።

ሰዓቴን አየሁ። ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ነበር።

ተነሣሁ። የትልቁን ጨርቅ መለስኩ፣ አስተካከልኩት፣ ድንጋዩን ጫንኩበት። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። «መጣሁ» አልኩት ሳላነሣው። ስድስተኛውን ሸፈንኩ። አምስተኛው ጨርቅ ተጣሞ ነበርና አቃናሁት። ስልኩ ደግሞ ተንቀጠቀጠ። የመጨረሻውን ድንጋይ አስቀምጬ ስጨርስ እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ወረድኩ።

ጓሮው ውስጥ ፊዮሬንሳ በካቴና ወደ መኪናው እየሄደች ነበር። እንግዶቹ በሙሉ አውቶቡሱ አጠገብ ተሰልፈዋል። ግማሾቹ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ፎቶ ያነሣሉ። ፓሮዲ ብቻ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ያያል።

«ፍቺያት» አልኩት ባካራኒን።

«ምን?»

«ካቴናውን ፍታላት አልኩህ።» ከመደናገሬ የተነሣ ምላሴም አልታዘዘኝም።

*

ሲኞራ ኢቮን አሁንም ወጥ ቤት ናቸው። የታጠበውን ድጋሚ ያጥባሉ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ቅቅሉን ማን ቆረጠው?»

እጃቸው ቆመ። «ፊዮሬንሳ። ክፉኛ አበላሸችው። ምላሱን እንኳ በቁመቱ ነው የቆረጠችው።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ቆጥ ላይ» አሉኝ፣ ሳይደብቁ፣ ሳያመነቱ። አስቤ አየሁት፤ እስካሁን እሳቸው አንድም ውሸት አልተናገሩም። የዋሸችላቸው ሌላ ናት፤ እኔም መልሱን ከእሳቸው አፍ አልጠበቅኩም።

ከአጠገቤ ተቀመጡና እርጥብ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ጠዋት ከዚያ ሰውዬ ጋር ሲጨባበጥ አየሁት። አርባ ስድስት ዓመት በእጄ ያሳደግሁትን ነው የሸጠው። በየዓመቱ አንድ ጠርሙስ እልክላታለሁ፣ ለኖርማ። ፊዮሬንሳ ናት የምታደርስልኝ። ዘንድሮ የካቲት አይደርስም አልኩ። የካቲት ሲመጣ በርሜሎቹ ሚላኖ ናቸው። ‹ቅቅሉን አንቺ አቅርቢ› አልኳትና ወጣሁ። ቀድቼ ጠርሙሱን ስከድን መጣ።»

«ምን አለዎት?»

«‹ኖርማ የምትባል የለችም› አለኝ። ጠርሙሱን ሊነጥቀኝ እጁን ሰደደ፣ ያገኘው ግን ጨርቁን ነው። ጨርቁ ሲለቅለት ወደ ኋላ ሄደ። ደረጃው እዚያው ነው።»

«ገፉት?»

«አልገፋሁትም። አልያዝኩትምም። ሁለቱም እጆቼ ጠርሙሱን ይዘው ነበር።»

«ከዚያስ፣ ሲኞራ?»

«ከዚያማ ትንሹ ጎድሏል። ከሁለተኛው ሞላሁት። ሁለተኛውን ከሦስተኛው።» በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ቆጠሩልኝ። «ንጹሕ ጨርቅ ከሣጥኑ አወጣሁ።»

«ሲያቃስት ይሰማዎት ነበር?»

«ይሰማኝ ነበር። ‹መጣሁ ሌያርኮ፣ ትንሽ ቀረኝ› አልኩት። ስጨርስ ዝም ብሎ ነበር። ወረድኩና ነካሁት።» ቀና ብለው አዩኝ። «መናገር አቃተኝ። ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩ፣ ኬኩን ቆረጥኩ፣ ፊዮሬንሳን ‹ሌያርኮን ጥሪው፣ ቀርቧል› አልኳት። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር፣ ልጄ።»

«ፊዮሬንሳን በካቴና አስረናት ነበር። በእርስዎ ምክንያት።»

ግንባራቸው ተቋጠረ። ከልባቸው ነው ያልገባቸው። «ለምን? ምንም አልጎደለም እኮ።»

«ለምን መጀመሪያ ሰው አልጠሩም?» ድምፄ ሳላዝዘው ከፍ አለ። «ሩብ ሰዓት ነው ሆስፒታሉ። ለምን?»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን አዩኝ። ከአነጋገሬ የየት ልጅ እንደሆንኩ ገና ስገባ አውቀዋል።

«አንቺ የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም?» አሉኝ። «ክፍቱን ትቼ ልሂድ?»

 ሽርጣቸውን ፈቱና አጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩ። ከበሩ ስንወጣ ክንዴን ያዙኝ።

«ትልቁ ጎድሏል። በሚመጣው ሳምንት ጭማቂው ይቀቀላል። ለኖርማ ንገሪልኝ።»

*

ፊዮሬንሳ መኪናው ውስጥ አሮጊቷን ስታይ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ይቅርታ ልጠይቃት ቀረብኩ፤ ወደ አውቶቡሷ ዞረች። እንግዶቹ አንዳቸውም ከአጠገቧ አልተቀመጡም። ፎቶው ቤታቸው ሳይገቡ አገር ሁሉ ዞሯል፣ የፈታናትን ፎቶ ያነሣ ደግሞ አልነበረም። በሳምንቱ ድርጅቱ ሌላ አስጎብኚ ቀጠረ።

ለኖርማ የደወልኩት እኔ ነኝ። አባቷ እንደ ሞተ፣ እናቷ ከእኛ ዘንድ እንዳሉ ነገርኳት።  ከዚያ «ጭማቂውን ማን ይቀቅላል?» አለችኝና ማልቀስ ጀመረች።

ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡ ላይ «በጥላቻ፣ ሆን ብላ» ብሎ አጻፈ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የልጇን ስም ያፈነባትን ሰው ሞቱን ቁጭ ብላ ጠበቀች ነው የሚለው። ሊሆን ይችላል። ጥላቻም በእጅ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ እጅ ብቻውንም እንዲያው ልማዱን ሊሠራ ይችላል። ሃምሳ ደቂቃ ረጅም ነው። እኔ የራሴን ክፍል ልጽፍ ቁጭ ብዬ እስከ ምሳ ሰዓት ከአንዲት መስመር በላይ አልወጣልኝም።

ባካራኒ ዳቦ በሞርታዴላ ይዞልኝ መጥቶ ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል» አለ። «ትናንት አራት ጊዜ ደውዬልዎታለሁ። ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ላይ ነገሩ ገባኝ ብለው ጽፈዋል። የወረዱት ከአሥራ አንድ በኋላ ነው። አንሥተው ‹ቆይ› ቢሉኝ ኖሮ ያቺን ሴትዮ ሰው ፊት አላስራትም ነበር። የት ነበሩ?»

ጣቶቼን አየሁ። ታጥቤአቸዋለሁ፣ ጥፍሬ ሥር ግን ጥቁሩ ገና አለ።

«እጄ ተይዞ ነበር» አልኩት።